ጎማው ከመፈንዳቱ በፊት

አሶሳ ውስጥ፣ ከባምባሲ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ ባለ አንድ ጎማ ቤት ሦስት ሰዎች ይነጋገራሉ። ጎሚስታው ስድሳን የተጠጋ፣ ጉልምስናውን አዲስ አበባ ጎማ ፋብሪካ ውስጥ አሳልፎ የመጣ ሰው ነው። ሾፌሩ ደብል ጋቢና ፒክአፕ የሚነዳ ወጣት ነው። ባለመኪናዋ ማሽላና ማንጎ ትነግዳለች፤ የምትደርሰው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው። ወሩ መጋቢት 2018 ዓ.ም፣ ሙቀቱ የበረታበት ሰሞን ነው።

ሾፌሩ፦ ይኸው ጋሼ፣ የተረፈውን አመጣሁልዎ። የኋላ ግራው ነው። ትናንት ከኩርሙክ ማሽላ ጭኜ ስመለስ፣ ሆሞሻ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ፈነዳ። መኪናዋ ሁለቴ ጅራቷን ወረወረችና አስፋልቱ ዳር ላይ ቆመች። የፈጣሪ ነገር ነው እንጂ ሰው ምን ያደርገዋል?

ጎሚስታው፦ እንኳን ተረፍክ ልጄ። ከኋላ ሰው ነበር?

ሾፌሩ፦ ካሶኒው ላይ፣ ከጆንያው በላይ አራት ሰው ተቀምጦ ነበር። ደነገጡ እንጂ አልተጎዱም።

ጎሚስታው፦ ተመስገን። የተረፋችሁበትን ለፈጣሪ ስጠው፤ የፈነዳበትን ግን ለእሱ አትስጥ። እስቲ ንገረኝ፣ ወዲያው ነው ጓ ያለው ወይስ ቀድሞ ሌላ ድምፅ ነበር?

ሾፌሩ፦ ቀድሞ ፓራፋንጎውን የሚደበድብ ነገር ነበር። ድንጋይ የገባ መሰለኝ። ከዚያ ነው የፈነዳው።

ጎሚስታው፦ እሱ ነው። መጀመሪያ ተላጠ፣ ቀጥሎ ፈነዳ። የደበደበህ ተገንጥሎ የተንጠለጠለው የጥርሱ ንጣፍ ነው። ና እየው። ይኼ የምታየው ሽቦ ቀበቶ ይባላል፤ በጥርሱ ሥር ሁለት ድርብ ሆኖ ጎማውን ዙሪያውን ይጠመጥመዋል። ላስቲክ በባዶ ብረት ላይ አጥብቆ አይዝም። ስለዚህ ፋብሪካው ሽቦውን በስሱ ናስ ይቀባዋል። ጎማው በሙቀት ሲበስል በላስቲኩ ውስጥ ያለው ድኝ ከናሱ ጋር ይያያዝና ሁለቱ አንድ አካል ይሆናሉ። ያ ማያያዣ የላላ ቀን ላዩ ለብቻው ይሄዳል።

ሾፌሩ፦ ምን ያላላዋል ታዲያ? ጥርሱ እኮ አላለቀም ነበር። ይኸው ይዩት፣ ገና ጥልቅ ነው።

ጎሚስታው፦ ጥርስ የሚነግርህ ጭቃ ላይ እንዴት እንደሚቆነጥጥ ነው። ውስጡ ስለሆነው ነገር አይነግርህም። የሚያላላው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ከፀሐይ ብቻ አይመጣም። ቀጭን ሽቦ ልትቆርጥ ፈልገህ ወዲያና ወዲህ ስታጣጥፈው እጅህን ያቃጥልሃል፣ ኋላም ይበጠሳል። ጎማም መሬት በነካ ቁጥር ይታጠፋል፣ ሲነሳ ይዘረጋል። በዚህ ልክ ያለ የፒክአፕ ጎማ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በደቂቃ ከ500 ጊዜ በላይ ይዞራል። አየሩ ሲያንስ መተጣጠፉ ይብሳል፤ ጭነቱ ሲከብድ ይብሳል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ያጣል። ስንጥቁ የሚጀምረው በሽቦ ቀበቶው ጠርዝ፣ ትከሻው አካባቢ ነው። ከዚያ ማንም ሳያየው ወደ መሀል ይገባል።

ሾፌሩ፦ እኔ ግን ይኼን ፈርቼ ነው ከመውረዴ በፊት አየር የማስቀንሰው። ቆላ ስገባ ይሞቅና ይነፋል፣ ከዚያ ይፈነዳል ብዬ። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሾፌር ሁሉ እንዲህ ያደርጋል።

ጎሚስታው፦ አውቃለሁ። የሕዳሴው ግድብ ሲሠራ ጉባ የሚመላለሱ ሾፌሮችም ከዚሁ በር ላይ አስተንፍሱልን ይሉኝ ነበር። ብዙ ጎማ የገደለው ይኼ እምነት ነው። ጎማ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፣ እውነት ነው። ጠዋት 35 የሞላኸው ቀትር ላይ 40 ወይም 41 ሊል ይችላል። ይኼን ግን ጎማውን የሠራው ሰው አስቀድሞ አስቦበታል፤ ደህና ጎማ ከዚህ እጥፍና ከእጥፍ በላይ ግፊት ይችላል። አንተ ስታስተነፍሰው መተጣጠፉን ጨመርክበት፣ መተጣጠፉ ሙቀቱን ጨመረ። ፈራሁት ያልከውን ነገር በእጅህ ጠራኸው ማለት ነው።

ሾፌሩ፦ ሞቆ 41 ሲል ባየውስ? ትንሽ ላውጣለት አልልም?

ጎሚስታው፦ አትንካው። የሚለካው ጠዋት፣ ሳይነዳ ነው። ሞቆ ሳለ ካወጣህለት ማታ ሲቀዘቅዝ 29 ሆኖ ታገኘዋለህ፤ በማግስቱ በዚያው ጭነህ ትወጣለህ። ደግሞ በእግር እየመታችሁ፣ በብረት እያንኳኳችሁ «ደህና ነው» የምትሉትን ተዉት። የዛሬ ራዲያል ጎማ ሆዱ በተፈጥሮው ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ 35 ያለውንና 22 ያለውን በዓይን አትለይም። የእኔ ኮምፕሬሰር ላይ ያለውንም መለኪያ ብቻ አትመን፤ አቧራና ምት ያዛባዋል። ኪስ የሚገባ የራስህ መለኪያ ይኑርህ።

ሾፌሩ፦ እሺ። ግን ኩርሙክ እኮ ከዚህ ብዙ ዝቅ ይላል። ከፍታው ራሱ አየሩን አይለውጠውም?

ጎሚስታው፦ ይለውጠዋል፣ ግን አያሳስብህ። ወደ ታች ስትወርድ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ትንሽ ቀንሶ ያሳያል፤ ሙቀቱ ደግሞ ትንሽ ይጨምረዋል። ሁለቱ እርስ በርስ ይካካሳሉ። ያንተን ጎማ የገደለው ሌላ ነው። እስቲ እዚህ ጋ ጣትህን አሳርፍ። ምን ይሰማሃል?

ሾፌሩ፦ ለስላሳ ነው። እንደተወለወለ።

ጎሚስታው፦ ትናንት ድንገት ቢገነጠል ኖሮ ሸካራ ሆኖ ታገኘው ነበር። የለሰለሰው ላስቲኩና ሽቦው ከተለያዩ በኋላ ረጅም መንገድ እርስ በርስ ሲፋተጉ ስለኖሩ ነው። ጎማው ውስጡ ከተላጠ ሳምንታት አልፈውታል ማለት ነው። መሪው ላይ ንዝረት አልነበረም?

ሾፌሩ፦ መቀመጫው ሥር ይሰማኝ ነበር። ቀስ ብዬ ስነዳ የሆነ ማነከስ ነበራት። ባላንስ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ጎሚስታው፦ በዝግታ ስትሄድ የሚያነክስ ጎማ ባላንስ አይደለም። ባላንስ የሚታወቀው በፍጥነት ነው። በ20 እና በ30 ድብ ድብ ካለች ወርደህ የአራቱንም ጥርስ በመዳፍህ ዳስስ፤ አንድ ቦታ ያበጠ ታገኛለህ። አሁን ይኼን ደግሞ እይ፣ ትከሻው ላይ ያለችውን።

ሾፌሩ፦ ሚስማር የወጋኝ ቦታ ናት። መንገድ ላይ ከውጭ ወትፈውልኝ ነበር።

ጎሚስታው፦ በዙሪያዋ ያለውን ዝገት ታየዋለህ? እዚህ አገር ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት አይተወንም። ጠጠሩ ጎማውን ይቆርጠዋል፤ በቁርጡ ውሃ ይገባና ሽቦውን ያዝገዋል። የዛገ ሽቦ ላስቲክ አይዝም። የገጠሩን መንገድ በ30 ስትሄድ ምንም አይልህም። በጋ ሲመጣ፣ አስፋልቱ ላይ ወጥተህ 100 ስትረግጥ ነው የክረምቱን ዕዳ የሚያስከፍልህ። ሰዎች «እዚያ ኮረኮንች ላይ ያልፈነዳ እንዴት ለስላሳ አስፋልት ላይ ይፈነዳል» ይሉኛል። ቆስሎ የመጣው ከኮረኮንቹ ነው፤ ሙቀትና ፍጥነት ያገኘው ግን አስፋልቱ ላይ ነው። ከውጭ የሚወተፍ ነገር ደግሞ አየር ያቆምልሃል እንጂ ውሃ አያግድም። ጎማው ወርዶ፣ ውስጡ ታይቶ፣ ከውስጥ ነው መለጠፍ ያለበት። ያውም መሀሉ ላይ ከሆነ ብቻ ነው። ትከሻና ጎን ላይ የተወጋ ጎማ አይጠገንም።

ሾፌሩ፦ ካላማዳሪ ቢጨመርበትስ? ብዙዎቹ ያደርጉታል።

ጎሚስታው፦ ለእሱ ባልተሠራ ጎማ ውስጥ ካላማዳሪ ስትከት ሁለቱ ይፋተጋሉ፣ ሌላ ሙቀት ጨመርክ። ደግሞ ቲዩብለስ ሲወጋ ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ ካላማዳሪው ሲቀደድ ግን አየሩ በአንዴ ይሄዳል።

ባለመኪናዋ፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ። ይኼ ልጅ ትናንት ከደወለልኝ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጎሚስታው፦ እንደምን ዋልሽ እህቴ። ቁጭ በይ። ያንቺም ጉዳይ ስለሆነ አብረሽ ስሚ።

ባለመኪናዋ፦ እኔማ ደህና ጎማ ነው የገዛሁት። ዓመት አልሞላውም። ሻጩ «የ2016 ነው» ብሎ ጽሑፉን አሳይቶኛል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጎሚስታው፦ አሳይቶሻል፣ አልዋሸም። እዚህ ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ፊደል በኋላ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቢልኝ።

ባለመኪናዋ፦ 3516።

ጎሚስታው፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት ናቸው፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት። በ2016 ዓ.ም ሠላሳ አምስተኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ግን አቆጣጠሩ የአውሮፓ ነው። በእኛ ነሐሴ 2008 መሆኑ ነው። ጎማው ሊገጠምልሽ ሲመጣ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር፤ ዛሬ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ሆኖታል።

ባለመኪናዋ፦ እንዴት? አዲስ ነበር እኮ፤ ፀጉሩ እንኳ አልረገፈም።

ጎሚስታው፦ ላስቲክ መደርደሪያ ላይም ያረጃል። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፤ መጋዘኑ ሞቃት ከሆነማ ይፈጥናል። ብዙ መኪና ሠሪዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ቀይሩ ይላሉ፤ ጎማ ሠሪዎቹም ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር ከአሥር ዓመት አታሳልፉ ይላሉ። እዚህ ከተማ የመሥሪያ ቤት ፒክአፖች መለዋወጫ አጥተው ዓመት ሁለት ዓመት ግቢ ይቆማሉ። ከዚያ ባትሪ ተቀይሮ፣ ዘይት ተቀይሮ፣ በዚያው ጎማ መስክ ይወጣሉ። ኪሎ ሜትሩን እንጂ ዕድሜውን የሚቆጥር የለም። የአንቺን ስኮርታም አየሁት፤ 2211 ይላል። ይኸው ልጅ ትናንት እሱን አስሮ ነው ቤቱ የገባው።

ሾፌሩ፦ ሌላ ምን ላድርግ ጋሼ? መንገድ ላይ ነኝ፣ ሰዎቹ ከእኔ ጋር ናቸው።

ጎሚስታው፦ አልወቀስኩህም። ዝግ ብለህ መጥተህ ደርሰሃል። ከመኪናዋ ሥር የሚሰቀለው ጎማ ግን የማይታይ ስለሆነ ብቻ አዲስ መስሎ ይኖራል።

ባለመኪናዋ፦ እሺ፣ ዕድሜው ይሁን። ግን ሌላም ነገር አለ ይመስለኛል፤ ፊትዎ ላይ አየዋለሁ።

ጎሚስታው፦ አለ። ስንት ኩንታል ጭነሽ ነበር?

ባለመኪናዋ፦ 16። ሁልጊዜ የምንጭነው ነው። ባሌስትራ አስጨምሬያለሁ፣ ትችለዋለች።

ጎሚስታው፦ ባሌስትራው አካሏን ከፍ አድርጎ ያዘልሽ እንጂ ጎማ አልጨመረልሽም። እንደውም ክፉ ነገር አደረገ፦ ድሮ ጭነት ሲበዛባት ቁጭ ትልና ታስፈራሽ ነበር፣ አሁን ቀና ብላ ስለምትሄድ ጭነቱ አይታይሽም። ጎማው ላይ ከልኩ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አይተሽው ታውቂያለሽ? 104 ይላል። 104 ማለት አንዱ ጎማ 900 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ ያውም አየሩ ሙሉ ከሆነ። ከኋላ ሁለቱ 1,800 ኪሎ ይሸከማሉ። ባዶዋ ፒክአፕ ራሷ ከኋላ ጎማዎቿ ላይ 800 ኪሎ ገደማ ታሳርፋለች። 16 ኩንታል 1,600 ነው። አራት ሰው ጨምሪበት።

ሾፌሩ፦ ከ2,500 ይበልጣል።

ጎሚስታው፦ ይበልጣል። 1,800 ለሚችል ነገር። አየሩን ደግሞ ይኼ ልጅ «ቆላ ነው» ብሎ ቀንሶታል። ለዚች መኪና የሚሆነው 112 የሚል ነው፤ አንዱ 1,120 ኪሎ ይይዛል። እሱም ቢሆን 16 ኩንታል አያስጭንሽም። ጎማው ሲገዛ የቤት መኪና ጎማ ነው የተሰጠሽ፤ ልኩ ቸርኬው ላይ ስለገባ የሆነ መሰለ።

ባለመኪናዋ፦ ጋሼ፣ የእርስዎን ሒሳብ ሰማሁ፣ የእኔንም ይስሙ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ይተመን ከተባለ ጀምሮ የጎማ ዋጋ ምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ናፍጣ ወረፋ ነው፣ ሲገኝም ውድ ነው። 10 ኩንታል ይዤ ብመላለስ የመንገዱን አይመልስልኝም። ሰዎቹንም እኔ አልጫንኳቸውም፤ መንገድ ላይ ቆመው ይለምናሉ። ሆስፒታል የሚሄድ አለ፣ ልጅ ያዘለች አለች። ጥሏቸው ይለፍ?

ሾፌሩ፦ እውነቷን ነው ጋሼ። ከሰዓት በኋላ ሌላ መኪና አያገኙም።

ጎሚስታው፦ እኔም እዚሁ ነው የምኖረው፣ መኪና የጠፋበትን ሰው ዓይን አውቀዋለሁ። አታንሷቸው አልልም፤ ጆንያው ላይ አታስቀምጧቸው ነው የምለው። ጎማ ከኋላ ሲሄድ ጋቢና ውስጥ ያለው መሪ ይዟል፣ ቀበቶ አስሯል። ጆንያ ላይ ያለው የያዘው ጆንያውን ነው። የኋላ ጎማ ሲፈነዳ ደግሞ መኪና ጅራቷን ነው የምትወረውረው፤ መጀመሪያ የሚወድቀው እነሱ ናቸው። ጋቢናው ባዶ መቀመጫ ካለው እዚያ ይግቡ፣ ከሌለው ጭነቱ ይቀነስና ቦታ ይሁን። ስለ ገንዘቡ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው። አንድ ጊዜ ስለ ጎማ ሙያዬን ልመሰክር ፍርድ ቤት ተጠርቼ ዳኛው ሲያነቡት ሰምቻለሁ። ቁጥር 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል። ቁጥር 2086 ደግሞ «ጥፋት የለብኝም፣ ምክንያቱ አልታወቀም፣ ልከላከለው አልችልም ነበር» ብሎ ማምለጫ የለም ይላል። ጎማ ፈንድቶብኝ ነው ማለት ሕጉ ፊት መልስ አይሆንም። ሆሞሻ ዳር የቆመች አንዲት እናት ብትገጭብሽ፣ የሦስተኛ ወገን መድንሽ ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው በላይ ያለው የአንቺ ነው።

ባለመኪናዋ፦ ይኼን የነገረኝ የለም።

ጎሚስታው፦ ስለማይጠየቅ ነው። ሁሉን የሚሸፍነው አንድ ቃል ነው። አደጋ ይደርሳል፣ ምክንያቱ «የጎማ መፈንዳት» ተብሎ ይጻፋል፣ መዝገቡ ይዘጋል። ሬዲዮውም እንዲያው ይለዋል። ስንት ዓመቱ ነበር? ስንት አየር ነበረው? ምን ያህል ተጭኖ ነበር? የማን ሥሪት ነው? አይጻፍም። እኔ በዚህ ጉዳይ ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጎማው መፈንዳቱ የመጨረሻው ገጽ ነው፤ እኛ ሌላውን ሁሉ ቀደን የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነው የምናስቀምጠው።

ሾፌሩ፦ ቢጻፍስ ምን ይለውጣል ጋሼ?

ጎሚስታው፦ የፋየርስቶንን ታሪክ ሰምተሃል? አዲስ አበባ ጎማ ፋብሪካ ሳለሁ፣ ወሬው ሲመጣ በየፈረቃው ሌላ ጨዋታ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ፎርድ ኤክስፕሎረር የሚባል መኪና ነበር፤ ጎማው ፋየርስቶን ነው። ልክ እንዳንተ፣ ደህና ጥርስ እያለው ላዩ ይላጥ ነበር። መኪናው ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ይገለበጣል። ለዓመታት እያንዳንዱ አደጋ ለብቻው ታየ፦ ሾፌሩ ፈጠነ፣ ጎማው ፈነዳ፣ በቃ። ከዚያ ስቴት ፋርም በሚባል የመድን ድርጅት ውስጥ ሳሙኤል ቦይደን የሚባል ሠራተኛ መዝገቦቹን ሲያገላብጥ አንድ ዓይነት ጎማ ሲደጋገም አየ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም 21 እንዲህ ያሉ አደጋዎችን ለይቶ ለአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አሳወቀ። እንዲያየው ያስቻለው ምን ይመስልሃል? መዝገቡ ላይ የጎማው ስም ተጽፎ ስለነበር ነው።

ባለመኪናዋ፦ አሳወቀና ምን ሆነ?

ጎሚስታው፦ መጀመሪያ ምንም አልሆነም። በአውሮፓ 2000 ዓ.ም የካቲት ገደማ ሂውስተን ያለ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጉዳዩን አወጣው፣ ስልክ ጎረፈ። ነሐሴ 3 ቀን 1992 በእኛ አቆጣጠር ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ መልሱልኝ አለ። መሥሪያ ቤቱ በመጨረሻ ከዚህ ጎማ ጋር ያያዘው ሞት 271 ደረሰ፣ ያውም አሜሪካ ውስጥ ብቻ። ጎማው ከተጠራ ሦስት ወር ሳይሞላ አዲስ ሕግ ወጣ፤ ዛሬ ዳሽቦርድ ላይ «አየርህ ቀንሷል» የሚል መብራት ያለው መኪና ብታይ መነሻው ያ ሕግ ነው። ለእኛ የሚጠቅመውን ደግሞ ስማ። ጎማው አስቀድሞ የተላጠው የት ነው? በሙቀት አገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ አሪዞና። ከውጭ ደግሞ ሳዑዲና ቬንዙዌላ። ፎርድ በሳዑዲና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጎማውን መቀየር የጀመረው አሜሪካ ውስጥ ከመጠራቱ ዓመት ቀድሞ ነው።

ሾፌሩ፦ ጎማው ነው ወይስ አየሩ ጥፋተኛ የተባለው?

ጎሚስታው፦ ሁለቱ ኩባንያዎች እርስ በርስ ተወነጃጀሉ። ፎርድ «ጎማህ ነው» አለ፣ ፋየርስቶን «መኪናህ ነው» አለ። ፎርድ መኪናው ለስለስ ብሎ እንዲሄድ በ26 ይሞላ ብሎ ነበር፤ ፋየርስቶን ኋላ ላይ 30 ይሁን አለ። ልዩነቱ አራት ቁጥር ናት። ምርመራው ያገኘው ግን ጎማው ራሱ በቀበቶው ጠርዝ ላይ ደካማ መሆኑን ነው። ደካማ ጎማ፣ ያነሰ አየር፣ ሙቀት፣ ጭነት፤ እነዚህ ተራ በተራ አይደለም የሚገድሉት፣ ተባብረው ነው። ያ ኩባንያ ከዚያ በፊትም በእኛ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም ከ14 ሚሊዮን በላይ ጎማ በተመሳሳይ ችግር አስመልሷል። ትልቅ ስም አያድንም። የሚያድነው የሚቆጥር ሰው ነው።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። እርስዎም ያገለገለ ጎማ ይሸጣሉ። ይኸው ግድግዳው ሥር ተደርድሯል።

ጎሚስታው፦ እሸጣለሁ። አዲስ መግዛት የማይችል ሰው አለ፤ ያ ሰው ሽቦው በወጣ ጎማ ከሚሄድ አራት ዓመት የሆነው፣ ውስጡ የታየ ጎማ ቢገዛ ይሻለዋል። ቀኑን በኖራ ጎኑ ላይ ጽፌ ነው የማቆመው፣ በእኛ አቆጣጠር። የተሰነጠቀውን ጎኑን በቢላ እቀደዋለሁ፤ ለጋሪም ለጫማም ይሁን፣ መኪና ላይ ግን እንዳይመለስ።

ሾፌሩ፦ የሚሰነጠቀው ውስጡ ነው፣ ማንም አያየውም ብለውኝ አሁን። ታዲያ እርስዎ እንዴት ያዩታል?

ጎሚስታው፦ ሁሉን አላየውም። ለዚህ ነው ያገለገለ ጎማ ለፒክአፕ የኋላ እግር የማልሰጠው። ለፊት ሊሆን ይችላል፣ ለኋላ አይሆንም።

ባለመኪናዋ፦ አሁን ግራ አጋቡኝ። ሁሉም ሰው አዲሱን ፊት፣ አሮጌውን ኋላ ነው የሚያደርገው። መሪ ያለው ፊት አይደል?

ጎሚስታው፦ ይኼንን ስሚኝ፣ ከዛሬው ወሬ ሁሉ ቢቀር ይኼ አይቅር። የፊት ጎማ ሲሄድ መሪው ይከብዳል፣ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች፤ ከባድ ነው፣ ግን መሪ በእጅህ ስላለ አጥብቀህ ይዘህ ታቆማታለህ። የኋላው ሲሄድ መሪ አይደርስበትም። ጅራቷ ልቅደም ይላል። የፒክአፕ ጭነት ደግሞ የት ነው? ከኋላ። ሰዎቹ የት ናቸው? ከኋላ። እኛ በጣም የሚለፋው ቦታ ላይ በጣም የደከመውን ጎማ እናስራለን። ትናንት የሆነው ይኼ ነው።

ሾፌሩ፦ እኔ ፍሬን አልረገጥኩም። ደንግጬ ይሁን አላውቅም፣ እግሬን ብቻ ነው ያነሳሁት።

ጎሚስታው፦ ያተረፋችሁ እሱ ነው። ፍሬን ብትረግጥ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና የኋላው ይበልጥ ይለቅህ ነበር። መሪ አጥብቆ መያዝ፣ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ መኪናዋ በራሷ እስክትደክም መታገሥ፣ ወደ ዳር የሚወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ባለመኪናዋ፦ በቃ እሺ። ለኋላ ሁለት አዲስ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ፤ 112 ያለው፣ ቀኑን በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ኩንታሉን ግን 10 አልልም ጋሼ። 11 ይሁን።

ጎሚስታው፦ የጋቢናው በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንይ፤ እሱ ከሚለው አልፋለሁ ካልሽ ከእኔ ጋር አትከራከሪ፣ ከጎማው ጋር ነው። ባሌስትራውንም አስወልቂው።

ባለመኪናዋ፦ ባሌስትራው ይቆይ።

ጎሚስታው፦ ይቆይ እንግዲህ። ሌላ ደግሞ ልለምንሽ። ይኼን ቅሪት ይዛችሁ ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሂዱ፤ አደጋ ባይሆንም ይመዝገብ። እኔም ደብተር ከፍቻለሁ፤ እዚህ በር የሚመጣ የተላጠ ጎማ ሁሉ ይጻፋል። አንተ ጽሑፍህ ያምራል፣ ያዝ። የኋላ ግራ። የጭነት ቁጥር 104። የተሠራበት 3516፣ ነሐሴ 2008 በእኛ። ትከሻው ላይ ከውጭ የተወተፈ፣ የዛገ። ቦታው ሆሞሻ አጠገብ፣ ቀትር ላይ።

ሾፌሩ፦ ጭነቱንስ?

ባለመኪናዋ፦ ... 16 ኩንታልና አራት ሰው። ጻፈው።

ሾፌሩ፦ አየሩ ስንት ነበር ልበል? በመጨረሻ የለካሁትን አላስታውስም።

ጎሚስታው፦ አልተለካም ብለህ ጻፍ።